«ኖት» የት ይግባ? «ኦል»፣ «ኤኒ» እና «ሜኒ» ያሉባቸውን የእንግሊዝኛ አሉታዎች ሳያምታቱ ለመጻፍ ዝርዝር መመሪያ

«ኦል ዘ ስቱደንትስ ዲድ ኖት ፓስ»። ይህን ጽፋችሁ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ላካችሁ እንበል። አንዱ አንባቢ «አንድም ተማሪ አላለፈም» ብሎ ይደነግጣል። ሌላው «ያለፉም የወደቁም አሉ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ፍቺ ይይዛል። ሰዋስው የሚያርመው ፕሮግራም ደግሞ ስህተት ስላልሆነበት ቀይ አያሰምርም፤ ስለዚህ ችግሩ የሚታወቀው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የምንወድቀው የእንግሊዝኛ ቃል አጥሮን አይደለም። አማርኛ አሉታውን ግሱ ላይ ይጭናል፦ አልመጣም፣ አልበላሁም፣ አይከፈልም። እንግሊዝኛ ግን «ኖት» ከየትኛው ቃል ፊት እንደቆመ ያያል። እኛ ግሱን አሉታ አድርገን ሌላውን እንዳለ ስናስገባው ትርጉሙ ይንሸራተታል።

እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍኩት ጮክ ብላችሁ እንድታነቡት ነው። ድምፁ እዚህ ጉዳይ ላይ ሥራ አለው፣ ወደታች ታዩታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የመጠን ቃላቱን፣ ማለትም ስንት ወይም ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የሚናገሩትን፣ በአራት ክፍል ለይታችሁ ጻፉ።

ባዶ ቃላት፦ «ኖ»፣ «ነን»፣ «ኖባዲ»፣ «ነቲንግ»፣ «ኔቨር»፣ «ናይዘር»። አሉታውን ራሳቸው ይዘው ነው የሚመጡት።

ጥገኛ ቃላት፦ «ኤኒ»፣ «ኤኒባዲ»፣ «ኤኒቲንግ»፣ «ኤቨር»፣ «ኢዘር»። ብቻቸውን ዜሮ አይሆኑም። ዜሮ እንዲሆኑ ከፊታቸው አሉታ መኖር አለበት።

ሙሉ ቃላት፦ «ኦል»፣ «ኤቭሪ»፣ «ኤቭሪባዲ»፣ «ኤቭሪቲንግ»፣ «ቦዝ»፣ «ኦልዌይስ»። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከእነዚህ ነው።

መካከለኛ ቃላት፦ «ሳም»፣ «ሜኒ»፣ «ሞስት»፣ «ፊው»።

ይህን ክፍፍል ሳትይዙ ወደ ደረጃዎቹ አትሂዱ። የቀረው ሁሉ እሱ ላይ ነው የተሠራው።

ደረጃ 1፦ ነጥቦቹን ቁጠሩ

ወረቀቱ ላይ አምስት ነጥብ አድርጉ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ተማሪ ነው። ያለፈውን አክብቡ። አሁን ከሦስት አንዱ ላይ ናችሁ፦

ሀ. አንድም ነጥብ አልተከበበም። ዜሮ ነው።

ለ. የተከበቡ አሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

ሐ. ስንት እንደተከበበ አላውቅም፣ የማውቀው ያልተከበቡ መኖራቸውን ብቻ ነው።

ይህን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ብቻ ለመወሰን አትሞክሩ፣ ምክንያቱም አማርኛውም ራሱ ያወላውላል። «ሁሉም አልመጡም» ስንል «አንድም ሰው የለም» ማለታችን ሊሆን ይችላል፣ «ግማሾቹ ናቸው የመጡት» ማለታችንም ሊሆን ይችላል። በንግግር ድምፃችንና ቀጥሎ የምንለው ነገር ያድነናል። ወደ እንግሊዝኛ ስናዞረው ግን ያ ሁሉ ይቀርና የሚሻገረው ቃሉ ብቻ ይሆናል። ነጥቡን ቁጠሩ፣ ፊደሉን ምረጡ፣ ከዚያ ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ዜሮ ከሆነ (ሀ)

ሁለት መንገድ አለ። አንዱን ምረጡ እንጂ አትደባልቁ።

አንደኛው፣ ባዶ ቃል ከፊት አድርጉና ግሱን ምንም አሉታ አታስነኩት። «ኖባዲ ኬም»። «ነን ኦፍ ዘ ስቱደንትስ ፓስድ»። «ኖ ስቱደንት ፓስድ»።

ሁለተኛው፣ ግሱን አሉታ አድርጉና ጥገኛውን ቃል ከኋላው አምጡ። «አይ ዲደንት ሲ ኤኒባዲ»። «ዊ ዲደንት ባይ ኤኒቲንግ»። ይህ የሚሠራው የመጠን ቃሉ ከግሱ በኋላ ሲመጣ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ማንም አልመጣም»ን እንዳለ አታሻግሩ። «ማንም» ከአሉታ ግስ ጋር መሄዱ አማርኛ ውስጥ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ እጃችን ሳናስበው «ኖባዲ ዲደንት ካም» ይጽፋል። በመደበኛው እንግሊዝኛ ይህ «ያልመጣ ሰው የለም» ማለት ነው። ልክ የተገላቢጦሽ። አንድ ባዶ ቃል ካስገባችሁ «ኖት» ሥራ የለውም፣ አውጡት።

ሌላኛው ማስጠንቀቂያ፦ «ኤኒባዲ ዲደንት ካም» አትበሉ። ትርጉሙ ይገመታል እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም። «ኤኒ» ከአሉታው ኋላ ነው የሚቆመው። አሉታው ከፊት ከሌለ ወደ «ኖባዲ» ቀይሩት። ማስታወቂያ ላይ «ኤኒ ስቱደንት ሁ ዳዝ ኖት ሃቭ አን አይዲ ዊል ኖት ቢ አድሚትድ» የሚል ታገኛላችሁ፣ ያ ትክክል ነው፤ «ኤኒ ስቱደንት» የሚለው «መታወቂያ የሌለው» ተብሎ ተለይቷልና። እናንተ ስትጽፉ ግን «ኖ ስቱደንት ዊዛውት አን አይዲ ዊል ቢ አድሚትድ» ይሻላል። ያጥራል፣ አያሳስትም።

አነስ ያለ ግን ነጥብ የሚያስቆርጥ ስህተት ደግሞ አለ። «ኖ ኦፍ ዘ ስቱደንትስ» አይባልም፣ «ነን ስቱደንትስ»ም አይባልም። «ኦፍ» ካለ «ነን»፣ ከሌለ «ኖ»።

አሜሪካ ያላችሁ መንገድ ላይ «አይ ዲደንት ዱ ነቲንግ» ትሰማላችሁ። ሰውየው «ምንም አላደረግኩም» ነው ያለው፣ «አንድ ነገር አድርጌያለሁ» አላለም። በብዙ የእንግሊዝኛ ዘዬዎች ሁለት አሉታ አይጣፋም፣ ይደጋገፋል። ልክ እንደኛ ማለት ነው። ስትሰሙ በዚያው ተረዱት። ፈተናና የሥራ ደብዳቤ ላይ ግን አትጻፉት።

ደረጃ 3፦ ከፊሉ ከሆነ (ለ)

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው፣ ረጋ በሉ።

ትእዛዙ አንድ ነው፦ ልትክዱ የፈለጋችሁት «ሁሉም» የሚለውን ከሆነ «ኖት»ን ከ«ኦል» ፊት አምጡት። ግሱ ጋ አትተዉት።

ልክ፦ «ኖት ኦል ዘ ስቱደንትስ ፓስድ»። «ኖት ኤቭሪዋን አግሪድ»። «ኖት ኤቭሪ ሾፕ ኢዝ ኦፕን ኦን ሰንዴይ»።

ተውት፦ «ኦል ዘ ስቱደንትስ ዲደንት ፓስ»። «ኤቭሪዋን ዲደንት አግሪ»።

«ተውት» ያልኩት ስህተት ስለሆነ አይደለም። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱ ሰዎች ራሳቸው ይሉታል። «ኦል ዛት ግሊተርስ ኢዝ ኖት ጎልድ» የሚለውን የታወቀ ተረታቸውን እዩ፣ ቃል በቃል ከሄድን «የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ወርቅ አይደለም» ነው፣ ወርቅ ራሱ ግን ያብለጨልጫል፤ ማለት የፈለጉት «የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ ነው ማለት አይደለም» ነው። እነሱ ሲናገሩ የሚያድናቸው ድምፅ ነው። «ኦል» ላይ ጫን ብለው መጨረሻው ላይ ድምፁን ትንሽ ከፍ ካደረጉት «ሁሉም አይደሉም» ነው። መጨረሻው ላይ ድምፁ ከወረደ ወደ «አንድም» ያዘነብላል። ወረቀት ላይ ድምፅ የለም። ስለዚህ ስትጽፉ ይህን ቅርጽ ጨርሶ አትጠቀሙበት።

ከ«ኖት» በኋላ ቅርጹን ጠብቁ። «ኖት ኦል» ብዙ ቁጥር ይከተለዋል፦ «ኖት ኦል ስቱደንትስ ሃቭ»። «ኖት ኤቭሪ» ነጠላ ይከተለዋል፦ «ኖት ኤቭሪ ስቱደንት ሃዝ»። «ኖት ኤቭሪ ኦፍ ዜም» የሚባል ነገር የለም፣ «ኖት ኤቭሪ ዋን ኦፍ ዜም» ነው፣ ወይም ቀለል አድርጋችሁ «ኖት ኦል ኦፍ ዜም»።

ጊዜም በዚሁ ይሄዳል። «ሂ ዳዝንት ኦልዌይስ ካም» ማለት አንዳንዴ ይቀራል ነው። «ሂ ኔቨር ካምስ» ማለት አንድም ቀን አይመጣም ነው። «ሁልጊዜ አይመጣም» ብላችሁ ወደ እንግሊዝኛ ከመሄዳችሁ በፊት የትኛውን እንደፈለጋችሁ በነጥቡ አረጋግጡ።

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ ሎጂክ ለምትማሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። በተራ ንግግር «ኖት ኦል ፓስድ» ሲባል ሰሚው «ያለፉ አሉ ማለት ነው» ብሎ ይጨምራል። በሎጂክ ግን የተባለው «ቢያንስ አንድ ያላለፈ አለ» ብቻ ነው፤ ያለፈ መኖሩን አያረጋግጥም። ሎጂክ ፈተና ላይ «ሁሉም» የሚለውን አፍርሱ ከተባላችሁ መልሱ «አንዳንዶቹ አይደሉም» ነው እንጂ «አንዳቸውም አይደሉም» አይደለም። እዚህ ጋ ስንቱ ወድቋል!

ደረጃ 4፦ የቀሩ መኖራቸውን ብቻ ካወቃችሁ (ሐ)

ይህ ቀላሉ ነው። «ሳም» ከፊት፣ አሉታው ግሱ ላይ። «ሳም ስቱደንትስ ዲደንት ፓስ»። እዚህ ጋ እንግሊዝኛው ከአማርኛው ጋር እኩል ይሄዳል፦ «አንዳንድ ተማሪዎች አላለፉም»።

ደረጃ 5፦ የመጠን ቃሉ ከግሱ በኋላ ሲመጣ

እዚህ የሚምታቱት «ኤቭሪቲንግ» እና «ኤኒቲንግ» ናቸው። ክፍል ውስጥ እጃችሁን አውጥታችሁ «አይ ዲደንት አንደርስታንድ ኤቭሪቲንግ» ካላችሁ መምህሩ የሚሰማው «አብዛኛው ገብቶኛል፣ የቀረኝ ነገር አለ» የሚል ነው። ምንም ካልገባችሁ «አይ ዲደንት አንደርስታንድ ኤኒቲንግ» በሉ። በዚህ ልዩነት ምክንያት ትምህርቱ እላያችሁ ላይ ሊያልፍ ይችላል።

ሦስተኛ አማራጭም አለ። «አይ ዲደንት አንደርስታንድ ሳም ኦፍ ዘ ክዌስችንስ» ማለት ያልገቡኝ ጥያቄዎች አሉ ነው፣ የተወሰኑት።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ትእዛዞች ሂዱ፣ እዚያ ሲበላሽ ዋጋው ከበድ ይላል። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ አንሰር ኦል ዘ ክዌስችንስ» ሁሉንም መመለስ ግዴታ የለባችሁም ይላል፣ ብትመልሱም ችግር የለም። «ዩ መስት ኖት አንሰር ኦል ዘ ክዌስችንስ» ግን ሁሉንም እንዳትመልሱ ይከለክላል። የመድኃኒት ወረቀት ላይም «ዱ ኖት ቴክ ኦል ዘ ታብሌትስ አት ዋንስ» ሁሉንም በአንዴ አትዋጡ ነው፤ «ዱ ኖት ቴክ ኤኒ ታብሌትስ» አንዲትም ፍሬ አትዋጡ ነው። «ኦል» እና «ኤኒ»ን ቀይ አስምሩባቸውና አንብቡ።

ደረጃ 6፦ «ብዙ» ሲኖር

«ብዙ ሰው አልመጣም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ «የመጣው ሰው ጥቂት ነው» ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው «ኖት ሜኒ ፒፕል ኬም» ነው። «ሜኒ ፒፕል ዲደንት ካም» ካላችሁ ሌላ ነገር ተናገራችሁ፦ የቀሩት ብዙ ናቸው። የመጡትም ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሺህ ሰው በተጠራበት ሠርግ ሦስት መቶ ቢቀር «ሜኒ ዲደንት ካም» እውነት ነው፣ «ኖት ሜኒ ኬም» ግን ውሸት ነው፤ ሰባት መቶው ገብቶ እየበላ ነዋ።

«ፊው» ደግሞ ራሱ አሉታ ያዘለ ነው። «ፊው ፒፕል ኬም» የሚለው ቅሬታ አለበት፣ ሰው አልመጣም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። «አ ፊው ፒፕል ኬም» የተወሰኑ መጡ ነው፣ ቅሬታ የለውም። «ክዋይት አ ፊው» ደግሞ ጉድ ነው፣ «ብዙ» ማለት ነው። «ሃርድሊ»ም አሉታ ስለያዘ «ሃርድሊ ኤኒባዲ ኬም» በሉ እንጂ «ሃርድሊ ኖባዲ» አትበሉ።

ደረጃ 7፦ ሁለት ብቻ ሲሆኑ

«ሁለቱም አልመጡም»ን «ቦዝ ዲደንት ካም» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። አንባቢው ያመነታል። ሁለቱም ከቀሩ «ናይዘር ኦፍ ዜም ኬም» በሉ፤ አንዳንዱ «ኒዘር» ብሎ ያነበዋል፣ ያው ነው። አንዱ መጥቶ አንዱ ከቀረ «ኦንሊ ዋን ኦፍ ዜም ኬም» ብሎ መገላገል ነው። ከግሱ በኋላ ከሆነ «ኢዘር» ይገባል፦ «አይ ዶንት ላይክ ኢዘር ኦፍ ዜም»፣ አንዱንም አልወደውም።

ደረጃ 8፦ ቁጥርና ቀን ሲኖር

ውል ላይ የሚመጡት እነዚህ ናቸው። «ኖ ሞር ዛን ፋይቭ» ቢበዛ አምስት፣ አምስት ራሱ ይፈቀዳል። «ኖ ፊወር ዛን ፋይቭ» ቢያንስ አምስት። «ፊወር ዛን ፋይቭ» አራትና ከዚያ በታች። «ኖ ሌተር ዛን ፍራይዴይ» እስከ ዓርብ፣ ዓርብም ይቆጠራል። «ኖ»ን ስታዩ ወዲያው «የለም» ብላችሁ አትተርጉሙ፣ እስከሚቀጥሉት ሁለት ቃላት ድረስ አንብቡ።

ደረጃ 9፦ አሉታውን ከፊት ስታመጡ ግሱን መገልበጥ

አንዳንድ አሉታዎች ከፊት ሲመጡ ረዳት ግሱ («ዲድ»፣ «ሹድ» የመሳሰለው) ከባለቤቱ ይቀድማል። «ኖት ዋንስ ዲድ ሂ ኮል ሚ»። «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ ሹድ ዩ ሳይን ዚስ»።

ይህን የተማረ ሰው ሁሉም ቦታ መገልበጥ ያምረዋል። አትገልብጡ። «ኖት ኦል ስቱደንትስ ፓስድ» ውስጥ «ኖት ኦል ስቱደንትስ» ራሱ ባለቤት ነው፣ ቦታው ላይ ነው ያለው፣ «ዲድ» አያስፈልገውም። የምትገለብጡት ከፊት የመጣው ባለቤቱ ካልሆነ ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ በአሉታ ስትጠየቁ

«ማንም አልደወለም?» ሲሉን ማንም ካልደወለ «አዎ» እንላለን፣ አባባላችሁ ልክ ነው ለማለት። እንግሊዝኛ ጠያቂውን አያይም፣ እውነታውን ነው የሚያየው። ዜሮ ከሆነ «ኖ»። አንድም ቢሆን ካለ «የስ»።

የቪዛ ቃለ መጠይቅ ላይ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ ሪሌቲቭስ ዜር?» ተብላችሁ ዘመድ ሳይኖራችሁ «የስ» ካላችሁ አለኝ ብላችሁ ልትመዘገቡ ትችላላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በአንድ ቃል አትመልሱ። «ኖ፣ አይ ዶንት ሃቭ ኤኒ»። ወይም «የስ፣ አይ ሃቭ ዋን ሲስተር ዜር»። «የስ» እና «ኖ»ው ቢያሳስታችሁ እንኳ ተከታዩ ዓረፍተ ነገር ያስተካክለዋል፣ ወይም ጠያቂው ደግሞ ይጠይቃችኋል።

ነገር ሲበላሽ

*አሻሚውን ዓረፍተ ነገር ልካችሁታል።* ረጅም ማብራሪያ አትጻፉ። ቁጥር ጨምሩ፦ «ቱ ቢ ክሊር፣ 3 ኦፍ ዘ 5 ስቱደንትስ ፓስድ»። ቁጥር ካለ የ«ኦል» ጣጣ ይጠፋል። እንዲያውም ቁጥሩን ካወቃችሁት መጀመሪያውኑ እሱን ጻፉ።

*ሰው «ኦል ኦፍ ዜም ዲደንት ካም» አላችሁ።* አትገምቱ። «ዱ ዩ ሚን ነን ኦፍ ዜም፣ ኦር ጀስት ኖት ኦል ኦፍ ዜም?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ የእንግሊዝኛ ድክመት አያስመስልም፣ እነሱም እርስ በርስ ይጠያየቁበታል።

*አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ላይ «ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቭን» የሚለው ጥያቄ እየጣላችሁ ነው።* ምንባቡ ውስጥና ጥያቄው ውስጥ ያሉትን የመጠን ቃላት ብቻ አክብባችሁ አስተያዩ። ምንባቡ «ሳም ወርከርስ ወር ኖት ፔይድ» ብሎ ጥያቄው «ኦል ዘ ወርከርስ ወር ፔይድ» ካለ «ፎልስ» ነው። ምንባቡ «ሜኒ ወርከርስ ወር ኖት ፔይድ» ብሎ ጥያቄው «ሞስት ወርከርስ ወር ኖት ፔይድ» ካለ ግን «ኖት ጊቭን» ነው። ብዙ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት አይደለምና።

*«ኤኒ» ላይ ጫን ብሎ የተናገረ ሰው አጋጠማችሁ።* «ሺ ዳዝንት ቶክ ቱ ጀስት ኤኒባዲ» ማለት ከማንም አታወራም ማለት አይደለም። ከአገኘችው ሁሉ አታወራም፣ ትመርጣለች ማለት ነው። ምልክቱ «ጀስት» ነው።

*የቤት ኪራይ ውል ላይ «ኦል ዩቲሊቲስ አር ኖት ኢንክሉድድ» የሚል አገኛችሁ።* ውኃው ብቻ ተካትቶ መብራቱ በእናንተ ነው? ወይስ ሁሉም በእናንተ ነው? ከዚህ ዓረፍተ ነገር አይታወቅም። ለአከራዩ በጽሑፍ «ዊች ዩቲሊቲስ አር ኢንክሉድድ፣ ኤንድ ዊች አር ኖት?» ብላችሁ ላኩለት። ውኃ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ ቆሻሻ፣ ኢንተርኔት እያለ በስም ይዘርዝርላችሁ። በቃል ብቻ ከነገራችሁ አይበቃም። ዝርዝሩ ውሉ ላይ ሳይገባ አትፈርሙ።